ዓሣም ያረጃል

ያረጀ ዓሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያረጀ ውሻ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ያረጀ የጋሪ ፈረስ፣ ያረጀች ድመትም እንዲሁ። ዓሣን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ተጠብሶ ሳህን ላይ ሲቀርብ፣ አለዚያም በሆነ ሆቴል መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው። ሳህን ላይ ያለው ለእርጅና አልታደለም። የሆቴሉን ደግሞ እስኪያረጅ ቆመን አንጠብቀውም። ሀና ማርያም ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ግን አንዲት ዓሣ ዓይናችን እያየ አርጅታለች። ቤታችሁ አኳሪየም ካለ፣ ወይም ልጆቻችሁ "ዓሣ ይገዛልን" እያሉ መነዝነዝ ከጀመሩ፣ ስለ እሷ የምነግራችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ወደ ቤታችን የመጣችው የዛሬ 11 ዓመት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ አገር ቤተሰቦች ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የቤት ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። ባለቤቴ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ሄደ። ማቀዝቀዣውን በአይሱዙ አስጭኖ፣ 200 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ደርቦ፣ ሁለት ዓሦች ደግሞ በባለ ክዳን ባልዲ ታቅፎ ተመለሰ። ብርቱካናማ መልክ ያላቸው፣ ሦስት ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ "ፋይንዲንግ ኒሞ" የተባለውን ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ክላውን ፊሽ የሚባሉት ናቸው። ትልቋ ሴቷ እዚያ ቤት 6 ዓመት እንደኖረች ነገሩት። ስለዚህ ዛሬ ቢያንስ 17 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ልጆቹ ትልቋ ትንሹን ወንድ ከጥግ ጥግ ስትነዳው አይተው "እትዬ" እና "ጋሼ" አሏቸው። ስሙ በዚያው ጸና።

ይህን ዕድሜ ሲሰማ የሚያምነን እንግዳ የለም። የዓሣ ዕድሜ ግን እንደ ዓይነቱ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ዝናብ በሚፈጥራቸው ኩሬዎች ውስጥ የምትኖር ኪሊፊሽ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች። ኩሬው ሳይደርቅ ተፈልፍላ፣ አድጋ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አርጅታ ትሞታለች። እርጅናን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች የሚወዷትም ለዚሁ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውስትራሊያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮው ስታይንሃርት አኳሪየም የገባችው ሳንባ ያላት ዓሣ አለች። ማቱሳላ ብለዋታል። በ2023 ዲኤንኤዋን የመረመሩ ባለሙያዎች ዕድሜዋን 90 ዓመት ገደማ ገምተውታል።

ክላውን ፊሽስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሕር ውስጥ ሴቶቹ እስከ 30 ዓመት ሊኖሩ እንደሚችሉ ገምቷል። ከጣት ብዙም ለማትበልጥ ዓሣ ይህ ጉድ ነው። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ክላውን ፊሽ የምትኖረው አኒሞን በሚባል የሚናደፍ የባሕር ፍጥረት ክንዶች መካከል ነው። እሷን አይጎዳትም፣ ሊበላት የመጣውን ግን ያቃጥለዋል። ሌላው ዓሣ ባሕር ውስጥ ጥቂት የዘገየ ዕለት የሌላ ምሳ ይሆናል፤ ዓይኑ ሲፈዝ፣ ጀርባው ሲጎብጥ የማየት ዕድል ለማንም አይሰጥም። እርጅና ጠባቂ ላለው ብቻ የሚደርስ ነገር ነው። የእኛዎቹ አኒሞን የላቸውም፤ እሱን የተካነው እኛ ነን።

የእትዬን ማርጀት መጀመሪያ ያስተዋሉት አማቴ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ግርዶሻቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያስነሱ ከደሴ መጥተው እኛ ጋ ቀሩ። እንደመጡ አኳሪየሙን አልወደዱትም፤ "ለማይበላ ዓሣ ይህ ሁሉ መብራት!" ይሉ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ግን ቴሌቪዥኑን ትተው ከመስታወቱ ፊት መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይህች እትዬ የምትሏት እኮ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። በግራዋ በኩል ምግብ ሲወርድላት አታየውም።"

የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ከጥቁሩ ብሌን ውስጥ ነጭ ነጥብ አለ። እሳቸው በደሴው ቤታቸው ለዓመታት በመስታወት ሲያዩት የኖሩት ዓይነት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የዓሣ ዓይን ላይ የሚታይ ጉም ሁሉ አንድ አይደለም። ጉሙ የዓይኑን ውጫዊ ገጽ የሸፈነና አንድ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ግጭት ነው፤ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ይሆናል። ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ሌሊት ከደበዘዙ ውሃውን ጠርጥሩ። ነጩ ነገር ከብሌኑ ውስጥ ሆኖ ቀስ በቀስ በወራት ከሰፋ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሞራ ነው፤ በዕድሜ የገፉ ዓሦች ላይ ይታያል። ለሰው ሐኪም አለው፤ ለእትዬ ግን የሚደረግላት ዓይኗን ተክቶ ማሰብ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላው ምልክት አንድ በአንድ ታየን። ከጭንቅላቷ ጀርባ ያለው ሥጋ ሳሳ። ብርቱካናማው መልኳ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። የጅራቷ ጫፍ ሲቀደድ ድሮ በሳምንት ይገጥም የነበረው አሁን ወር ይፈጃል። ሌሊት ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ብላ ትተኛለች፤ መጀመሪያ ያየ ሰው ሞታለች ብሎ ይደነግጣል። ለምግብ ስትወረወር አንዳንዴ ስታ ባዶ ውሃ ትጎርሳለች።

በሽታ በቀናት ይመጣል፣ እርጅና በወራት። እኔ የምመራበት መለያ ይኸው ነው። ጤነኛ የነበረ ዓሣ ባንድ ጊዜ ቆዳው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ወርቃማ አቧራ የተነሰነሰበት ከመሰለ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ ካርገበገበ፣ በተለይም ሁሉም ዓሦች አብረው ከታመሙ አትዘግዩ። መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ከሁለቱ ባልንጀሮች አንዷ ብቻ ቀስ እያለች ስትከሳና ስትደክም፣ ውሃው ደግሞ ንጹሕ ሲሆን ግን የዕድሜን ነገር አስቡ።

ውሃችን ንጹሕ ነበር። ጋሼም እንደ ድሮው ይጋልባል። እንዲያም ሆኖ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሰው አማክሬ ሁለት መልስ አገኘሁ። አንደኛው "ይህ መድኃኒት ለሁሉም ነው" የሚል፣ ሁለተኛው "ባይሆን አዲስ እሰጥሻለሁ" የሚል። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ነው። መዳብ ጥገኛ ነፍሳትን የሚገድል መርዝ ነው፤ የሚሠራውም ነፍሳቱ ከዓሣው ቀድመው ስለሚሞቱ ነው። ጉልበታም ዓሣ ይችለዋል። ጥገኛ በሌለበት ላረጀች ዓሣ መስጠት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ያረጀ ዓሣ የሚፈልገው ትልቅ ነገር ምንም ነገር ድንገት እንዳይለወጥበት ነው። ይህን መናገር ይቀላል፤ አዲስ አበባ ላይ ማድረግ ነው ጣጣው።

መጀመሪያ አየሩ። የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ለሚሆን ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ቀድሞውንም ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ሊጠጋ የሚችል ኦክስጅን ሲይዝ፣ የእኛ ሳሎን ውስጥ ያለው ከ5 ብዙም አያልፍም። ወጣት ዓሣ አይሰማውም። አሮጊቷ ግን ለእንጦጦ ዳገት እንደ ወጣ አዛውንት ታለከልካለች። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን፤ ውሃው ከላይ ይበልጥ እንዲናወጥ ፓምፑን ወደ ላይ አዞርን፣ ሙቀቱንም ከ27 ወደ 25 ዲግሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልን አወረድን። ከዚያ ወዲህ ማለክለኳ ቀንሷል።

ቀጥሎ ጨው። ከሰፈራችን ብዙም ከማይርቀው የፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ይደርሳል፤ እኛ ግን ባሕሩን ሳሎናችን ውስጥ በባልዲ በጥብጠን እንሠራዋለን። በየሳምንቱ 20 ሊትር ውሃ እንቀይራለን፤ በሊትር 35 ግራም ሲመታ 700 ግራም ጨው ማለት ነው። ጨዉ የሚመጣው ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ ያሉትን ልትገምቱ ትችላላችሁ።

"አፍዴራ ሙሉ ጨው እያለ ጨው ከዱባይ? አሞሌ ያየ አገር!"

ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ለወጥ የምንጠቀምበት ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ በዚያ ላይ አዮዲን ይጨመርበታል። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም በልካቸው ያሉበት ውህድ ነው። የገበታ ጨው በጥብጣችሁ የባሕር ዓሣ ብታስገቡበት ኑሮ አይሆንላትም። ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ፤ በበጋ ውሃው ሲተን ጨዉ አብሮ አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው በየቀኑ ውሃውን እያከረረው ነው። የተነነው የሚተካው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶው የምናወጣውን አጣርተን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ጀሪካን ውስጥ እናስቀምጣለን።

ሦስተኛው መብራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች መብራት ሲጠፋ የውሃው ማሞቂያም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ቀድሞ የሚገድለው ቅዝቃዜው ሳይሆን የአየር ማጠር ነው፤ ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ግዙ። ለቅዝቃዜው እኛ ያለን መፍትሔ ጋቢ ነው። መስታወቱን ዙሪያውን በጋቢ እንጠቀልለዋለን፤ የላዩን ክፍት እንተወዋለን። 200 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ጋቢ ሲደረብበት ጥቂት ሰዓት ያስታግሳል። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ ሻማ በርቶ፣ አኳሪየሙ ጋቢ ለብሶ፣ አማቴ አጠገቡ መቁጠሪያ ይዘው ሲያይ "ምን ሆናችሁ?" ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ምግቧ አሁን የአማቴ ሥራ ነው። ድሮ በቀን አንዴ በእፍኝ ይበተን የነበረው አሁን በቀን ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ከመስጠታቸው በፊት የመስታወቱን የቀኝ ጥግ በሻይ ማንኪያ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። ዓሦች በድምፅና በሰዓት ይማራሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እትዬ ማንኪያው ሲነካ ወደዚያ ጥግ መምጣት ለመደች። ምግቡ የደቀቀ ሽሪምፕ ነው፤ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ከአፏ ፊት ይለቀቅላታል። ስሪንጁን ከፋርማሲ በጥቂት ብር ታገኙታላችሁ። የተረፈውን ወዲያው ማውጣት ግድ ነው፤ የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው ደካማዋን ነው። የመብራቱንም ብርሃን ቀነስነው፤ በአጠገቧ ያሉትን ሹል ድንጋዮች አነሳን፤ የቀሩትን ግን ከቦታቸው አላንቀሳቀስንም። ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ቤት ዕቃ ሲዘዋወርበት እንዴት እንደሚሆን አማቴ ሳይነግሩኝ አላለፉም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ትንሹ ልጄ ነው የጠየቀው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። "ለምን ሌላ ወጣት እትዬ አንገዛም?"

የባለቤቴ አቋም ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እሱ አኳሪየሙ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ እንዲዘጋ ይፈልጋል። የመብራቱ ሒሳብ፣ የጨዉ ዋጋ፣ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ሰው መለመኑ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አልተከራከርኩትም። ለልጁ ግን መልስ ነበረኝ። ክላውን ፊሾች ባሉበት ሴት አንዲት ናት፤ ትልቋና የበላይዋም እሷ ናት። ሌላ ጉልበታም ሴት ብናስገባ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው። ወጣት እትዬ መግዛት አሮጊቷን ማስገደል ነው።

"እሷ ስትሞትስ ጋሼ ብቻውን ሊቀር ነው?"

ይህን ጊዜ ታላቅ እህቱ ጣልቃ ገባች። ክላውን ፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ሴቷ ስትሞት አጠገቧ የነበረው ወንድ በሳምንታትና በወራት ውስጥ አካሉ ተለውጦ ሴት ይሆናል፤ ቤቱንም እሱ፣ ማለትም እሷ፣ ትመራዋለች። እትዬም ራሷ አንድ ዘመን ጋሼ ነበረች። ኒሞ ፊልም ላይ እናቲቱ ስትሞት አባትየው ልጁን ያሳድጋል፤ በእውነተኛው ባሕር ቢሆን አባትየው እናት ይሆን ነበር። አማቴ አማተቡና "እንግዲህ ስሙን ማን ያስተካክለዋል?" አሉ። ልጆቹ ያን ማታ ሲስቁ አመሹ፤ እኔ ግን ትንሹ ልጄ የእትዬን ሞት ያለ ፍርሃት ማንሳት የጀመረው ከዚያ ማታ ወዲህ መሆኑን ልብ ብያለሁ።

የሞቷን ነገርም ቁጭ ብለን ተነጋግረናል። ቺካጎ ባለው ሼድ አኳሪየም ከ1933 ጀምሮ የኖረ "ግራንዳድ" የሚባል ሳንባ ያለው ዓሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ምግብ ተወ፣ የውስጥ አካሎቹ ሥራ ማቆማቸው ታወቀ፤ ሲንከባከቡት የኖሩት ሰዎች እንዳይሠቃይ አሳረፉት። ከ80 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የመገቡትን ዓሣ። ለሥራቸው ያለኝ አክብሮት የጨመረው ይህን ሳነብ ነው።

እኛ አገር የዓሣ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። ሰበታ ያለው የምርምር ማዕከል ሥራው በዋናነት የሐይቆቻችንና ለምግብ የሚረቡት ዓሦች ነው፤ የሳሎን ዓሣ የሚያክም ክሊኒክ እኔ አላገኘሁም። አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ግን ሰዓቱ ሲደርስ የሚደረገውን አስረዳኝ። ሽንት ቤት ውስጥ በሕይወት መልቀቅ፣ በረዶ ውስጥ መክተት፣ ከውሃ አውጥቶ መተው ሁሉም ሥቃይ ነው። የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ውሃ ተበጥብጦ፣ ዓሣዋ ያለችበት የተለየ ዕቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲጨመር መጀመሪያ ያደነዝዛል፤ መጠኑ ሲበዛ እንቅልፉ ይጠልቅና ስንጥቧ ያቆማል። ካቆመም በኋላ ለመተማመን ቆየት ማድረግ ይገባል።

የተስማማንበት ምልክት ይህ ነው፤ ማንኪያው ተንኳኩቶ ሳትመጣ ሦስት ቀን ከሞላት፣ ወይም ቀጥ ብላ መዋኘት ካቃታት። ውሳኔው የኔና የባለቤቴ ነው፤ ልጆቹ ግን ይነገራቸዋል፤ "ጠፋች" ወይም "ባሕር ሄደች" አይባሉም። መቀበሪያዋን ትንሹ መርጧል፤ ከግቢው ሎሚ ዛፍ ሥር።

ይህን ስጽፍ እትዬ ከጥግዋ ናት። ዛሬ ጠዋት ሦስት ቁራጭ በልታለች፤ አራተኛውን ስታው ጋሼ ነጠቃት። የቅርንፉድ ዘይቱ ከኩሽና ርቆ መድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ፣ ስሟ ተጽፎበት ተቀምጧል። ትናንት አማቴ ጥርሳቸውን ነክቷቸው ጠርሙሱን አንስተው ስሙን አነበቡና መልሰው አስቀመጡት። ለእሳቸው ሌላ ገዝቻለሁ።